ጃፓን እንሂድ ብለውኛል፤ ልቅር ወይስ ልበደር?

ከአንዲት አንባቢያችን የደረሰን ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦

«ሰላም እህታችን። ዕድሜዬ 29 ነው። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ከኮሌጅ ጀምሮ የማንለያይ አምስት ሴት ጓደኛሞች ነን። በመጪው ማርች መጨረሻ፣ የቼሪ አበባው በሚፈነዳበት ሰሞን፣ ለ10 ቀን ጃፓን ለመሄድ አስበናል። አንዷ ጓደኛችን ብዙ ደክማ ፕላኑን ሠርታ ግሩፓችን ላይ ለቀቀችው። ቶኪዮ፣ ሃኮኔ፣ ኪዮቶ፣ ኦሳካ፣ ሂሮሺማ፣ ከዚያ ሳፖሮ። የሰባት ቀን የባቡር ፓስ አለበት። የሆቴሉ ድርሻዬ በቀን 110 ዶላር ይመጣል። ሁሉም «ዋው!» አሉ፤ እኔም አልኩ። ግን ያለኝ በጠቅላላው 2,500 ዶላር ነው። ቲኬቱን ገና አልቆረጥንም፤ እሱ ብቻ 1,300 አካባቢ ይላል። ሥራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ነው፤ ማታ ማታ ነርሲንግ እማራለሁ፤ ለእናቴም በየወሩ እልካለሁ። እነሱ ጥሩ ይከፈላቸዋል። «የለኝም» ማለት አፈርኩ። «እኛ እንሞላልሻለን» እንዳይሉኝም እፈራለሁ። በክሬዲት ካርድ ሄጄ ቀስ ብዬ ልክፈል? ወይስ ሥራ አልፈቀደልኝም ብዬ ልቅር? ደግሞ አንዷ ጓደኛችን ሁዳዴን አጥብቃ ነው የምትጾመው። ሌላዋ ግሪን ካርድ ቢኖራትም ፓስፖርቷ የኢትዮጵያ ነው። ምን ትመክሪኛለሽ?»

እህቴ፣ ሥራ አልፈቀደልኝም ብለሽ አትቅሪ። ተበድረሽም አትሂጂ። ያለሽ ገንዘብ ጃፓንን ለማየት ይበቃል። ለተላከልሽ ፕላን ግን አይበቃም። ጓደኞችሽ ይህን የማያውቁት ስላልነገርሻቸው ብቻ ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንየው፤ ወደ ይሉኝታው በኋላ እመለሳለሁ። ከ2,500 ላይ 1,300 ለቲኬት ሲወጣ 1,200 ዶላር ይቀርሻል። ዶላሩን በ150 የን፣ በጃፓን ገንዘብ፣ ብናሰላው 180,000 የን ነው። አሁን ፕላኑን ተመልከቺ። ሆቴሉ ብቻ ለ10 ሌሊት 1,100 ዶላር ይሆናል። የባቡር ፓሱ 50,000 የን፣ ማለትም 330 ዶላር ገደማ ነው። ገና ምሳ ሳትበዪ ገንዘብሽ አልቆ ዕዳ ውስጥ ገብተሻል።

ጃፓን ውድ አገር ናት የሚለው ወሬ ብዙ ሰው ያስፈራል። ምግቡ ከአሜሪካ በብዙ ይረክሳል። ከተማ ውስጥ ያለው ባቡርም ኪስ አይጎዳም። ቲፕ የሚባል ነገር የለም። ገንዘቡን የሚጨርሰው በ10 ቀን ስድስት ከተማ ልያዝ ማለት ነው። በተዘዋወራችሁ ቁጥር የባቡር ሒሳብ አለ፣ የሚባክን ግማሽ ቀን አለ፣ የሻንጣ ጣጣ አለ። ስለዚህ ዋናው ቁጠባ ከተማ መቀነስ ነው። አልጋና ምግብ ላይ ብዙ ሳትጨናነቁ ትልቁ ወጪ በዚህ ብቻ ይወርዳል።

ሳፖሮ ይውጣ። ሳፖሮ ያለችው ሰሜን፣ ሆካይዶ ደሴት ላይ ነው። ከቶኪዮ በባቡር ስምንት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። የምትሄዱት ለአበባው ከሆነ ደግሞ ማርች መጨረሻ ላይ እዚያ ገና ብርድና በረዶ ነው። አበባው እዚያ የሚደርሰው ወደ ኤፕሪል መጨረሻ ነው። ሃኮኔም ይቅር። ፉጂ ተራራን ማየት ከፈለጋችሁ ቶኪዮ ውስጥ ካለው ሺንጁኩ ሰፈር ወደ ካዋጉቺኮ ሐይቅ የሚሄድ አውቶቡስ አለ። አንድ መንገዱ 2,200 የን አካባቢ ነው፤ ሁለት ሰዓት አይሞላም። ሰማዩ ጥርት ያለበትን ቀን ጠብቃችሁ ደርሳችሁ ትመለሳላችሁ።

ሂሮሺማን ተዉ ለማለት ግን ይከብደኛል። የሰላም መታሰቢያ ሙዚየሙ መግቢያ 200 የን ብቻ ነው፤ ሰው ሁሉ ቢያየው ደስ የሚለኝ ቦታ ነው። ነገር ግን ከኪዮቶ ደርሶ መልስ በፈጣኑ ባቡር ከ20,000 የን በላይ ያስወጣል። ለአንቺ ይህ የአራት ሌሊት አልጋ ነው። ከልቧ የምትፈልግ ካለች ጠዋት ወጥታ ማታ ትመለስ። አምስታችሁም የግድ አብራችሁ መሄድ የለባችሁም።

የሚቀረው ቶኪዮ አምስት ሌሊት፣ ኪዮቶ አራት፣ ኦሳካ አንድ ነው። ናራ የምትባለው ከተማ ከኪዮቶ በባቡር ከአንድ ሰዓት በታች ስለሆነች በቀን ትታያለች። ቲኬቱን ገና ካልቆረጣችሁ ደግሞ በቶኪዮ ገብታችሁ ከኦሳካው ካንሳይ ኤርፖርት የምትወጡበትን ፈልጉ። ወደ ቶኪዮ ለመመለስ ብቻ 14,000 የንና ግማሽ ቀን ማቃጠል አያስፈልግም።

ስለ ባቡር ፓሱ ጠበቅ አድርጌ ልናገር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፓሱ ድሮ ጥሩ ነበር። የሰባት ቀኑ 29,650 የን ይሸጥ ነበር። በኦክቶበር 2023 ግን 50,000 ገባ። ከቶኪዮ ኪዮቶ በሺንካንሰን፣ በፈጣኑ ባቡር፣ አንድ መንገድ 14,000 የን አካባቢ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ለሚሳፈር ሰው ፓሱን መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ዩቲዩብ ላይ ግን «ፓሱን ሳትገዙ እንዳትሄዱ» የሚሉ የድሮ ቪዲዮዎች አሁንም ሞልተዋል። ሴይሹን 18 የሚባለው ርካሽ የባቡር ቲኬትም እንደዚሁ ነው። ቀድሞ ጓደኛሞች አንዱን ቲኬት ለአምስት ይካፈሉት ነበር። ከ2024 መጨረሻ ወዲህ ግን የአንድ ሰው ሆኗል፤ ቀኖቹም ተከታታይ መሆን አለባቸው። ስለዚህ ምክር ስታነቡ መቼ እንደተጻፈ እዩ።

ከሺንካንሰኑ የሚረክስ የሌሊት አውቶቡስም አለ። ከቶኪዮ ኪዮቶ ስምንት ሰዓት ያህል ይሄዳል፤ ዋጋው እንደ ቀኑ ግማሽም ከዚያም በታች ይሆናል። ሴት ከሴት ጎን የሚያስቀምጡ ድርጅቶች አሉ። የአንድ ሌሊት አልጋም ያተርፋል። ቢሆንም ለ10 ቀን ጉዞ አላበረታታም። ሌሊቱን ሳትተኙ ኪዮቶ ገብታችሁ ቀኑን ስታንጎላጁ መዋል ነው። 14,000ውን ከፍላችሁ ከቶኪዮ ስትነሱ በቀኝ በኩል ተቀመጡ። ደመና ከሌለ ፉጂ ተራራ በመስኮት ይታያል።

ሻንጣን በተመለከተ፣ እኛ አበሾች ስንጓዝ ሁለት ትልልቅ ሻንጣ መጎተት ልማዳችን ነው። እዚህ አይሆንም። በዚህ የሺንካንሰን መስመር ርዝመቱ፣ ስፋቱና ከፍታው ተደምሮ ከ160 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ሻንጣ የተለየ ቦታ ማስያዝ ይጠይቃል። ጣቢያዎቹም ደረጃ ይበዛቸዋል። አንድ አንድ ትንሽ ሻንጣ ያዙ፤ የልብስ ማጠቢያ ማሽን በብዙ ማረፊያ አለ።

አሁን አልጋው። የአበባው ሰሞን ከዓመቱ ውድ ጊዜዎች አንዱ ነው። ሆስቴል ውስጥ አንድ አልጋ ከ4,000 እስከ 6,000 የን አድርገሽ ያዢ። አምስት ስለሆናችሁ የተሻለ መንገድ አለ። በታታሚ ምንጣፍ ላይ ፍራሽ ተነጥፎ አራት አምስት ሰው የሚያድርበት ክፍል ያላቸው የእንግዳ ማረፊያዎች አሉ። ለሴት ጓደኛሞች ከዚህ የተሻለ የለም፤ እስኪነጋ ታወራላችሁ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። አሜሪካ እንደለመድነው ሁለት ሰው አስመዝግቦ አራት ሆኖ መግባት ጃፓን ውስጥ አይሠራም። ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰላው በሰው ቁጥር ነው። አገሩ ውስጥ አድራሻ የሌለው የውጭ ዜጋ ሁሉ ፓስፖርቱን ያሳያል፤ ኮፒ ይደረጋል። በትክክለኛ ቁጥራችሁ አስይዙ። ያለ ቅጣት መሰረዝ የሚቻለውን ምረጡ፤ አበባው እንደ አየሩ ጠባይ ሳምንት ሊቀድም ወይም ሊዘገይ ይችላል።

ስለ ምግብ ብዙ መጨነቅ የለብሽም። ቁርስ ኮንቢኒ ከሚባሉት ትንንሽ ሱቆች ነው፤ ሰቨን ኢለቨን፣ ሎውሰንና ፋሚሊማርት በየመንገዱ አሉ። በባሕር አረም የተጠቀለለ የሩዝ ኳስ፣ ኦኒጊሪ፣ አንዱ 200 የን አካባቢ ነው። ምሳ እንደ ዮሺኖያ፣ ሱኪያና ማትሱያ ባሉ ቤቶች ሩዝ ላይ የበሬ ሥጋ 500 የን አካባቢ ይበላል። ማታ ሱፐርማርኬት ሊዘጋ ሲል የተዘጋጀ ምግብ ላይ የቅናሽ ወረቀት ይለጠፋል፤ ግማሽ ዋጋም ይደርሳል። የአሳማ ሥጋ የማትበሉ ከሆነ ራመን ላይ ጠይቁ። የብዙው ራመን መረቅ የአሳማ አጥንት ነው።

ጿሚዋ ጓደኛችሁ ግን ከልብ ልታስቡላት ይገባል። የአበባው ጊዜ ሁልጊዜም ሁዳዴ ላይ ነው የሚያርፈው። የጃፓን ምግብ አትክልት ስለሚበዛው ጾም ይመስላል፤ አይደለም። ዳሺ የሚባለው መረቅ በአብዛኛው ከደረቀ ዓሣ ይሠራል። እሱ ሾርባው ውስጥ፣ ኑድሉ ውስጥ፣ የተቀቀለው አትክልት ውስጥም አለ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚያ ጠረጴዛ ላይ እንዳትከፍቱባት። ከንስሐ አባቷ ጋር የያዘችውን ትያዝ። እናንተ የምትበላውን ፈልጉላት። ትኩስ የተጠበሰ ስኳር ድንች በየሱፐርማርኬቱ በርካሽ አለ። ቶፉ፣ ሙዝ፣ ባዶ ሩዝ፣ በጨው ብቻ የተሠራ ኦኒጊሪ አለ። ኮኮ ኢቺባንያ የሚባለው የካሪ ቤት በብዙ ቅርንጫፎቹ ከእንስሳት ተዋጽኦ ነጻ የሆነ ካሪ ያቀርባል። የሕንድ ምግብ ቤቶችም በየከተማው ይገኛሉ። የቡድሂስት መነኮሳት የጾም ምግብ፣ ሾጂን ርዮሪ፣ ኪዮቶ ውስጥ ይቀርባል፤ ውድ ስለሆነ አንድ ቀን ብቻ፣ አምስታችሁም አብራችኋት ብሉ። «ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ የዓሣ መረቅ አልበላም» የሚል በጃፓንኛ የተጻፈ ጽሑፍ ስልኳ ላይ ይኑራት።

ቋንጣ ግን ማንኛችሁም እንዳትይዙ። ጃፓን የሥጋ ውጤትን፣ የደረቀውንም ጭምር፣ ከውጭ ማስገባት ትከለክላለች። መድኃኒትም ላይ ጥብቅ ናት። ለትኩረት ችግር የሚታዘዘው አደራል በሐኪም ትእዛዝም ቢሆን ክልክል ነው። እንደ ሱዳፌድ ያሉ አንዳንድ የጉንፋን መድኃኒቶችም አይገቡም።

የሚታየው ነገር ደግሞ አብዛኛው ነጻ ነው። ቶኪዮ ውስጥ የአሳኩሳው ሴንሶጂ ቤተ መቅደስና የሜይጂ መቅደስ መግቢያ የላቸውም። ሺንጁኩ ያለው የከተማው አስተዳደር ሕንጻ 45ኛ ፎቅ ላይ ሆናችሁ ከ202 ሜትር ከፍታ ከተማዋን በነጻ ታያላችሁ። ለሌላ የሰማይ ጠቀስ ማማ አትክፈሉ። ኪዮቶ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩት ቀይ በሮች ያሉበት ፉሺሚ ኢናሪ ሌት ተቀን ክፍት ነው፤ ማልዳችሁ ሂዱ፣ ከረፈደ ሰው ይሞላል። ወርቃማው ኪንካኩጂና ኪዮሚዙ የሚባሉት ቤተ መቅደሶች መግቢያቸው 500 የን አካባቢ ነው። ናራ ውስጥ ከሺህ በላይ አጋዘኖች ፓርኩ ውስጥ ይዘዋወራሉ። አበባውም ቢሆን ገንዘብ አይጠይቅም። ከሱፐርማርኬት ምግብ ይዞ ኡዌኖ ፓርክ ዛፍ ሥር መቀመጥ ነው፤ የአገሩ ሰውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

አንድ ግማሽ ቀን ደግሞ ለሻምበል አበበ ቢቂላ ስጡልኝ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. የቶኪዮን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ያሸነፈው ትርፍ አንጀቱን በተቀደደ በስድስት ሳምንት ውስጥ ነበር። ሩጫው የተጀመረውም ያለቀውም በብሔራዊ ስታዲየሙ ነው። የዛሬው አዲሱ ስታዲየም የቆመው እዚያው ቦታ ላይ ነው። ከሺንጁኩ ወደ ምዕራብ የሚወስደው ኮሹ ካይዶ አበበ የሮጠበት መንገድ ነው። መዞሪያው ቾፉ ላይ በድንጋይ ተመልክቷል። ይህን ሳያይ የሚመለስ ኢትዮጵያዊ ያሳዝነኛል።

ድምሩን እንመልከት። አልጋ 55,000፣ ምግብ 35,000፣ የከተማ ትራንስፖርት 10,000፣ የኪዮቶ ባቡር 14,000፣ ፉጂ፣ ናራና ኤርፖርት 13,000፣ መግቢያ 8,000። 135,000 የን ነው። ከያዝሽው 45,000 የን፣ ማለትም 300 ዶላር ይተርፋል። እሱን ለሕመምና ለድንገተኛ ያዢው፤ ከተረፈ ለእናትሽ ስጦታ ይሆናል።

አሁን ወደ ይሉኝታው። ግሩፑ ላይ አትጻፊ። መጀመሪያ ፕላኑን ለሠራችው ጓደኛሽ ለብቻዋ ደውይ። ስንት ሌሊት ደክማበታለች፤ በሰው ፊት ፕላኗን ካፈረስሽባት ትከፋለች፤ ሌሎቹም ወገን ይለያሉ። እንዲህ በያት፦ «ሥራሽን አይቼ በጣም ደስ ብሎኛል። ዋው ስል ሒሳቡን አላሰላሁትም ነበር። ለዚህ ጉዞ ያለኝ 2,500 ዶላር ነው፤ ከዚያ በላይ አልወጣም። ከተማ ብንቀንስ ይበቃል። አብረን እንየው?» ቁጥሩን ጥሪ። «ትንሽ ይወደዳል» ብትያት ሃያ ዶላር የሚረክስ ሆቴል ትፈልግልሻለች፤ ጭንቀትሽ ግን እዚያው ይቀመጣል። 2,500 ካልሽ ማንም ተሳስቶ አይረዳሽም።

«እኛ እንሞላልሻለን» ቢሉስ? ፍቅራቸው ነውና አትቆጪ። አንዲት እራት ቢጋብዙሽ ብዪ፤ አንቺም ሌላ ቀን ቡና ትጋብዣለሽ። ሆቴልና ትራንስፖርት እንዲከፍሉልሽ ግን አልመክርሽም። ለ10 ቀን በየደረሳችሁበት «የት እንብላ?» ሲባል አፍሽን ዘግተሽ ልትከተይ ነው። ደህና የሚከፈላቸው ጥሩ ሆቴል ከፈለጉ እዚያው ሰፈር ሌላ ቤት ይደሩ፤ ጠዋት ጣቢያ ላይ ትገናኛላችሁ። ተለያይቶ ማደር ጥል አይደለም።

እዚያ ከደረሳችሁ በኋላ የጋራ ቦርሳ ይኑራችሁ። እያንዳንዳችሁ መጀመሪያ 10,000 የን ታስገባላችሁ፤ የጋራው ወጪ ከዚያ ይከፈላል፣ ሲያልቅ እኩል ይሞላል። ያዢዋ በየቀኑ ትቀያየር። በብዙ ርካሽ ምግብ ቤት ደግሞ በር ላይ ማሽን አለ። ሁሉም የራሱን መርጦ ከፍሎ ወረቀት ይዞ ይገባል። «እኔ ልክፈል፣ በእናቴ ሞት» የሚለው ትግል እዚያ ቦታ የለውም፤ ለአንቺ ትልቅ እረፍት ነው። ጥሬ ገንዘብ ብቻ የሚቀበሉ ስላሉ ትንሽ ያዙ። የሰቨን ኢለቨን ኤቲኤም የውጭ ካርድ ይቀበላል።

እስከዚያ ድረስ ጊዜ ካላችሁ እንደ እቁብ አድርጉት። በየወሩ እኩል ገንዘብ አንዷ ጋ ይጠራቀም፤ መጠኑ ግን የሚቆረጠው በአንቺ አቅም ይሁን። ጉዞው ያኔ በተጠራቀመው ልክ ይሠራል።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያላት ጓደኛችሁ ጉዳይ ሁሉንም ይቀድማል። የአሜሪካ ፓስፖርት ያላችሁ ለ90 ቀን ቪዛ አያስፈልጋችሁም። እሷ ግን ግሪን ካርድ ቢኖራትም ቪዛ ያስፈልጋታል። የምታመለክተው አካባቢያችሁን ለሚያገለግለው የጃፓን ኤምባሲ ነው። የባንክ ወረቀትና በየቀኑ የት እንደምታድር የሚያሳይ ፕሮግራም ታቀርባለች። ቪዛው ሳይወጣ የማይመለስ ቲኬት አትቁረጡ። የምታድሩበት ከተማ ካልተወሰነ ደግሞ እሷ የምትጽፈው ፕሮግራም የላትም። ስለዚህ ያን ስልክ በዚህ ሳምንት ደውይ።